ደብዳቤ ለልጄ፦ ኩርፊያ አታሳድሪ

እንደምን ከረምሽ ልጄ? ባልሽስ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ፀሐይ ሲወጣ ይሻለዋል፣ ብርዱ ሲመጣ ያው ታውቂዋለሽ። ልደውልልሽ ነበር፤ ግን በስልክ ከሆነ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ድስት ጥደሽ ሳይሆን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እሁድ አክስትሽ ቤት ለቡና እንደሄዳችሁ ሰማሁ። መሄዳችሁ ደስ አለኝ። ግን በሁለት ባጃጅ መጡ አለችኝ። አንቺ ቀድመሽ፣ እሱ ከኋላ። ካንድ ቤት ወጥቶ አንድ ቤት ለመድረስ ሁለት ባጃጅ! ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ። ኮምቦልቻ ሰው ይተዋወቃል፤ ዛሬ አክስትሽ ያየችውን ነገ ጎረቤቱ ሁሉ ያወራዋል።

ምክንያቱንም ነግራኛለች። ቅዳሜ ሐይቅ ልትሄዱ ተቀጣጥራችሁ፣ አንቺ ለብሰሽ ስትጠብቂ እሱ ኳስ ቤት ቀረ። መናደድሽ ልክ ነው፣ በዚህ አልፈርድብሽም። ተናገሪው። «አስቀየምከኝ» በይው፣ አስፈላጊም ከሆነ ጮክ ብለሽ ተናገሪው። ግን ኩርፊያ አታሳድሪ። ተቆጥቶ የተናገረ ሰው ይወጣለታል። ያኮረፈ ሰው ግን የዛሬውን ከትናንቱ፣ ኳሱን ከካልሲው፣ ካልሲውን ከእናቱ ነገር ጋር እየደራረበ ያድራል፤ ጠዋት ሲነሳ በምን እንደተጣላ እንኳ አያውቀውም።

ስልኩን ድምፁን ከፍቶ አልጋ ላይ ቪዲዮ ያያል ብለሽኛል፣ እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ ይጥላል ብለሽኛል። እውነት ነው ያናድዳል። ያንቺስ ዳንቴል? ሶፋው ላይ ኪሮሹን ረስተሽው የተቀመጠበት ቀን እሱ ምን አለ? ሳቀ እንጂ አላኮረፈም፤ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ኳሱን ከሱ አትቀሚው፣ ዳንቴሉንም ለሱ ብለሽ አትተዪው። ሁለታችሁም የምትወዱት ነገር ይኑራችሁ።

የአባትሽን ሬድዮ ታስታውሻለሽ አይደል? እራት እንደተነሳ ጋዜጣ ዘርግቶ ይፈታታው ነበር። ምንም ሳይበላሽ ይፈታዋል፣ ገጥሞ ሲጨርስ ደግሞ ዶቼ ቬለን ከፍቶ ጎረቤት እስኪሰማ ያስጮኸዋል። እኔ ጥልፌን ይዤ ጥግ ላይ ነኝ። አንድ ቀን ብሎኖቹ እንዳይጠፉበት የቡና ስኒ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ስኒውን ረከቦት ላይ መልሶታል። ለካ አንዷን ብሎን እታች ረስቷታል። በማግስቱ ከወረባቦ የመጡ እንግዶች አሉብኝ፤ አቦሉን ቀዳሁ፣ ትልቋ ሴትዮ ፉት አሉና ከአፋቸው ብሎን አወጡ። መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ጀበናው አጠገብ አስቀመጡት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ መልእክተኛችን አንቺ ነበርሽ። «አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው።» «እናትሽን አልራበኝም በያት።» በዚያች በትንሽ እግርሽ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ትመላለሺ ነበር። ሐይቅ ለመሄድ ደግሞ ቀድመን ከዘመድ ጋር ተቀጣጥረናልና መቅረት አልተቻለም። ሚኒባሱ ላይ እኔ ከሹፌሩ ጎን፣ እሱ መጨረሻ ወንበር። እሱ ከሰዎቹ ጋር ጀልባ ተሳፈረ፤ እኔ ውሃ ስለምፈራ ዳር ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ያን ሬድዮውን ታቅፌ ጠበቅኩት። ሲመለስ አሳ ገዛና በፌስታል ያዘ። መመለሻው ላይ ወንበር ጠፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ፌስታሉም መንገድ ላይ ተቀደደ። የአሳው ውሃ በሙሉ አዲሱ ቀሚሴ ላይ! ምንም አላልኩም። እሱም ምንም ሳይል ኮቱን አውልቆ ጭኔ ላይ አለበሰኝ። ደሴ ስንደርስ ከጦሳ ተራራ ጉም ወርዷል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሰውዬው በሸሚዝ ብቻ ነው፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። «ብርዱ አልገደለህም?» አልኩት። በቀጥታ ያናገርኩት ያኔ ነው። «ገደለኝ እንጂ» አለኝ። ማታ ቅርፊቱን ራሱ ፋቀ፣ እኔ ጠበስኩ፣ አንቺ እንቅልፍ ይዞሽ ድርሻሽን በማግስቱ በላሽ።

አየሽ፣ ብሎን የሚያህል ነገር ነው ያን ሁሉ ያመጣው። እና ኩርፊያ አታሳድሪ ልጄ።

አሁን የምልሽን ስሚ። ሐይቅን አትተዉት። የእንግሊዝ ኳስ ቅዳሜ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው፤ እሁድ በጠዋት ተነሱና ሂዱ፣ ካልሆነም የጨዋታውን ሰዓት አስቀድመሽ ጠይቂው። ከኮምቦልቻ ስትወጡ መንገዳችሁ በኛ በር ነው፣ ቁርስ እዚህ ትበላላችሁ። ባልሽ ታሪክ ወዳድ ነው፣ እስጢፋኖስ ገዳም ልግባ ማለቱ አይቀርም። እዚያ ሴት አይገባም። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ አንቺ የት እንደምትጠብቂው ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ፤ እዚያ ደርሳችሁ ሌላ ፀብ እንዳይሆን። ሹራብ ያዢ። ኮምቦልቻ ሞቆሽ በስስ ልብስ ትመጪና ደሴ ስትገቢ ትንቀጠቀጫለሽ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። ስትመለሱ ደግሞ ሳይመሽ የሐረጎን ቁልቁለት ውረዱ። ጉም ከወረደ ጠመዝማዛው አይታይም፤ ያን ቀን እኛ ጋ እደሩ፣ ለአባትሽ ደስታው ነው። ጉልበቱ ከፈቀደለት ባልሽን ይዞት ጦሳ ትንሽ ከፍ ብለው ከተማውን ያሳየዋል፣ እኔና አንቺ ሰኞ ገበያ እንወርዳለን።

ሌላው፣ የሱን ነገር ለአክስትሽም ለእኔም ከመንገርሽ በፊት ለራሱ ንገሪው። እኔ እናትሽ ነኝ፣ ስትነግሪኝ ለአንቺ አደላለሁ፤ እናንተ ታርቃችሁ እኔ ቂም ይዤ እቀራለሁ። ይህን አልፈልግም። ልጁን እወደዋለሁ። አንቺን ሲያይሽ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ እኔ አይቻለሁ፣ አንቺ አታዪውም እንጂ።

ዛሬ ማታ ሲመጣ ራትሽን አቅርቢና አናግሪው። እሱ ይጀምር አትበይ። አብሽሪ፣ የጀመረ አይጎዳም። ብቻ ኩርፊያ አታሳድሪ።

ስትመጡ የአሳ መጥበሻዬን ይዘሽ ነይ፤ ከሠርጉ ጀምሮ አንቺ ጋ ነው ያለው። ከኮምቦልቻም ሎሚ ግዢልኝ፣ እዚህ ተወዷል።

እናትሽ፣ ከደሴ