ሰው አይተሽ ዝም ብለሽ አትለፊ

የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት በጉም ተሸፍኖ እስከ ረፋድ አይታይም። ወንድምሽ ፈተና ላይ ነው።

አክስትሽ ካንቺ ዘንድ ተመልሳለች። ቤትሽ ንጹህ መሆኑን፣ ሥራሽ ደህና መሆኑን፣ ትንሽ መክሳትሽን ነገረችኝ። ቆይታ ደግሞ ሌላውን አመጣችው። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ነበር አለች። አንቺ በድንኳኑ ጥግ አልፈሽ ሥራ ሄድሽ። አክስትሽ ደረጃ ላይ ያገኘቻትን ሴት ብትጠይቅ፣ ያረፉት ካንቺ ፊት ለፊት የሚኖሩት አዛውንት ባለቤት ናቸው። በር ለበር! አንቺ ሴትዮዋን በመልክ እንኳ አታውቂያቸውም።

የዚያን ለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አልቆጣም ብዬ ነበር፣ ግን እቆጣለሁ። ልጄ፣ ሰው አይተሽ ዝም ብለሽ አትለፊ።

«እማ፣ እዚህ አገር ሰው ማውራት አይፈልግም» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ይህንኑ ለወንድምሽ ባነሳበት ከስልኩ አንድ ጥናት አነበበልኝ። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2014 ያወጡት ነው። ቺካጎ ውስጥ በባቡር ሥራ የሚሄዱ ሰዎችን ከፋፈሏቸው። አንዳንዱን አጠገብህ ያለውን የማታውቀውን ሰው አናግር አሉት። አንዳንዱን ለብቻህ ዝም ብለህ ሂድ፣ የቀረውን እንደ ልማድህ ሁን አሉት። መንገዱ ይበልጥ ደስ ያላቸው ያወሩት ናቸው። ምን ይመስልሃል ተብለው የተጠየቁ ሌሎች ተሳፋሪዎች ግን ተቃራኒውን ነበር የገመቱት። ለምን? ሁሉም በልቡ «እኔስ ማውራት አልጠላም፣ እሱ ነው የማይፈልገው» ይላላ። አስቢው እስቲ። ባቡር ሙሉ ሰው እርስ በርሱ እየተፋራ አፉን ዘግቶ ይሄዳል። አንቺም ታክሲ ውስጥ እንደዚያው ነሽ።

አንቺ እኮ በዚህ ያደግሽ ልጅ አይደለሽም። ኮምቦልቻ አያትሽ ዘንድ ስንወርድ የሐረጎን መንገድ ረሳሽው? ከደሴ ስንነሳ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ጭጭ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው አንዱ «ሾፌር፣ ቀስ በል እንጂ» ይላል። ሌላው «አብሽሩ፣ መንገዱን ያውቀዋል» ይላል። በቃ፣ ወሬው ተጀመረ። ወደ ታች ስንወርድ ሙቀቱ ይመጣል፣ ጋቢው ይወልቃል፣ ብርቱካን የያዘ ይልጥና ያድላል። ኮምቦልቻ ስንገባ የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ላም እንደወለደች ሰምተን ጨርሰናል። አንቺ የማናውቃቸው ሴትዮ ጭን ላይ ተኝተሽ ነበር የምትደርሺው።

አባትሽ የታመመ ጊዜ የሆነውን ደግሞ ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። ኦፕራሲዮን ክፍል ያስገቡት ማታ ነው። አንቺን አቅፌ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ዘመድ ሁሉ «ሐኪሙ ምን አለ? ይተርፋል አለ?» እያለ ሲጠይቀኝ ነው የዋለው። ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ስመልስ ፍርሃቴ እየባሰ ሄደ። እነሱም ይደነግጣሉ፣ ድንጋጤያቸውን የማረጋጋው እኔው ነኝ። ሲመሽ ሁሉም ሄዱ። አጠገቤ ከወረኢሉ የመጣች ሴት ቀረች፣ ልጇ ታሞባት። እሷ ስለ በሽታ ምንም አልጠየቀችኝም። የነጠላዬን ጫፍ አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችውና «ይሄ ፈትል የማን እጅ ነው?» አለችኝ። የእናቴ ነው አልኳት። በጣቷ አሻሸችው። «እጃቸው ይባረክ፣ ቀጭን ነው። ቀዩን ጥለት ግን በሙቅ ውኃ አትጠቢው፣ ይለቅብሻል» አለች።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጥጥ ዋጋ አወራን። ስለ እንዝርት አወራን። ስለምታውቀው አንድ ሸማኔ ግትርነት አጫወተችኝ፣ ሳቅሁ። ባሌ ውስጥ ተኝቶ እኔ ሳቅሁ! መሀል ላይ እሷ ማርያምን፣ እኔ ነቢን እንጠራለን። ደግሞ ወደ ፈትሉ እንመለሳለን። እንዲህ እንዲህ እያልን ነጋ። ሐኪሙ ወጥቶ «ተርፏል» ሲለኝ ወደ አባትሽ ሮጥኩ። ስመለስ አግዳሚው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ልጇ ይዳን አይዳን እስከ ዛሬ አላውቅም። ዱዓ ሳደርግ አልረሳትም። ስሟን ስለማላውቅ «ያቺ የወረኢሉዋ» እላለሁ።

ይህን የምነግርሽ ሁሉን ሰው እመኚ ለማለት አይደለም። ስልክ ቁጥርሽን አትስጪ። ብቻሽን መኖርሽን አትናገሪ። ሲመሽ ቀጥ ብለሽ ቤትሽ። ደግሞ «አገርሽ የት ነው?» ብለሽ አትጀምሪ። ድሮ ወዳጅነት የሚከፈተው በሱ ነበር፣ ከጦርነቱ ወዲህ ግን ስንቱን እንደሚያሳቅቅ ታውቂያለሽ። ደመወዝም አትጠይቂ፣ ለምን አላገባሽም አትበይ። ሁለታችሁም ፊት ባለው ነገር ጀምሪ። ዝናቡ አለ፣ ሰልፉ አለ፣ የሽንኩርት ዋጋ አለ፣ የታዘለው ሕፃን አለ። ካልመለሱልሽ ተያቸው፣ አትቀየሚ፤ የከፋው ሰው ይኖራል። ብቻ ሰው አይተሽ ዝም ብለሽ አትለፊ። ያን ጆሮሽ ውስጥ የምትሰኪውንም አውልቂው። አክስትሽ አብራሽ ስትሄድ እንኳ አንዱ ጆሮሽ ላይ ነበር አለች። እሷ ታላቅሽ ናት፣ ነውር ነው።

ድርቆሽ፣ በርበሬና ቡና በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ድርቆሹን በላስቲክ እንደታሰረ እንዳታስቀምጪው፣ ይሻግታል። ጀበናሽ አቧራ ጠጥቷል አሉ፣ እጠቢው። ቡናውን ለብቻሽ አፍልተሽ እንዳትጠጪው። ቅዳሜ ያቺን አክስትሽ ደረጃ ላይ ያገኘቻትን ሴት ጥሪያት። ቤቱ አልተመቸም፣ ሶፋ የለኝም አትበይ። ዱካ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ግን አዛውንቱ ዘንድ ሂጂ፣ አርባው ሳይደርስ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ እንጀራና የምስር ወጥ ያዢ። አንኳኪና «እግዜር ያጥናዎት፣ የፊት ለፊቷ ልጅ ነኝ» በያቸው። ዘግይቻለሁ ብለሽ አትፈሪ፤ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው ቤቱ ጭር የሚለው። ብዙ አትናገሪ፣ ቁጭ በይ። ስለ ባለቤታቸው ካነሱ አዳምጪ። ካላነሱ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቂያቸው። እሱንም ማውራት ያሳርፋቸዋል።

አላህ ይጠብቅሽ፣ ሆዴ። እሁድ ስትደውዪ መጀመሪያ የምጠይቅሽ እሳቸውን ነው፣ ሥራሽን አይደለም። የጥርስሽን ቀጠሮም እንዳትዘነጊው።

እናትሽ፣ ከደሴ