የበሩ መጋረጃ

ይድረስ ለሰብሊዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራተኛ ክፍል ያስተማሩን የደብዳቤ አጀማመር ይኸው ዛሬም አገለገለኝ፤ ሌላ መግቢያ ፈልጌ አጣሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ድምፁን ያጠፋ ጓደኛ ምን ብሎ ይጀምራል? እማዬ ያረፈች ሰሞን ደጋግመሽ ደውለሻል። ስልኩ እጄ ላይ ሲጮህ ስምሽን እያየሁ ቁጭ እል ነበር። ካነሳሁ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ አላቆምም ብዬ። ከአርባዋ በኋላ እደውላለሁ አልኩ፤ አርባዋ አለፈ። ከሰማንያዋ በኋላ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሐፍረት ነው፤ ሐፍረት ደግሞ እንደ አራጣ ብድር ነው፣ በቆየ ቁጥር ይወልዳል። ይቅር በይኝ። የቀረውን ስትመጪ አልቅሰን እንጨርሰዋለን።

ብዕር ያስነሳኝ ወንድምሽ ነው። ባለፈው ሳምንት መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። አያት ሰፈር የምታሠሪው ቤት ልስኑ አልቆ በርና መስኮት ላይ መድረሱን ነገረኝ። ተራችን እስኪደርስ የላክሽለትን ፎቶ ሁሉ አንድ በአንድ አሳየኝ። በሩ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ግራና ቀኙ መስታወት፣ ከበሩ በላይም መስታወት። ያምራል፤ አልዋሽሽም። "አንቺ ቤት የመስታወት በር አይደል ያለው? ምከሪያት እንጂ" አለኝ። ምክሩማ አለኝ፤ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

የእኛን ቤት መግቢያ ታስታውሻለሽ፤ ያ ሲዘጋ ሰፈሩን የሚያስደነግጠው ቡናማ የላሜራ በር። ከኋላው ያለው ኮሪደር በጠራራ ፀሐይ መብራት ይፈልግ ነበር። መብራት ሲጠፋማ መታጠቢያ ቤቱን በዳበሳ ነበር የምናገኘው። እማዬ ዓይኗ መድከም ሲጀምር በሩን ቀይሬ ብርሃን ላስገባላት አሰብኩ። አልወደደችውም። "የቤት ገላው ይታያል እንዴ?" አለች። "ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ቡና ስጠጣ አይቶኝ ከቆመ ግባ ልለው ነው? ዝም ልለው ነው?" ሳቅኩባት። አሁን ሳስበው ግን ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። የላክሻቸው ፎቶዎች ውስጥ አጥር የለም። ውጭ አገር እናንተ ጋ ከበሩ ፊት ያለው ሣርና መንገድ ነው፤ የሚያይሽ መኪና ውስጥ ያለ የማታውቂው ሰው ነው፣ አይቶሽ ያልፋል። እዚህ ሁለት ሜትር አጥር ስላለ መንገደኛ አያይሽም። የሚያይሽ ግን የማያልፍ ሰው ነው፦ ዘበኛው፣ ሰርቪስ ቤት የተከራየው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ፊት ለፊት ሦስት ፎቅ የሠራው ጎረቤት። እነሱ ካዩሽ ደግሞ "እንብላ" ማለት ግድ ነው።

መጀመሪያ ያሠራሁት ብረት ቤት (ስሙ ይቅር) መስታወቱ ቴምፐርድ ነው ብሎ የቴምፐርድ ዋጋ አስከፈለኝ። ሊገጥሙት የመጡ ቀን ሁለት ሳንቲም ተርፎ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ አለ። ሠራተኛው ምንም ሳይመስለው አልማዙን ከኪሱ አወጣ፣ ጭረት አደረገበት፣ ቀጭ አድርጎ ቆረጠውና ገጠመው። እኔ ጎበዝ ብዬ ሻይ አቀረብኩለት። ሰብሊዬ፣ ቴምፐርድ መስታወት አይቆረጥም! ከ600 ዲግሪ በላይ አግለው በነፋስ ድንገት ስለሚያቀዘቅዙት ገጹ ተጨምቆ ሆዱ ተወጥሮ ነው የሚኖረው፤ አልማዝ ቢያስገቡበት እንዳለ ይበተናል። ጥንካሬው የተራውን አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ ቢሰበርም እንደ ጨው ኮረት ነው የሚሆነው። የኔ ግን ከሦስት ወር በኋላ ነፋስ የጓሮውን በር ከፍቶ የፊቱን ሲያላጋው እንደ ጎራዴ ረጃጅም ሆኖ ወረደ። የጎረቤት ልጅ ኳሱን ሊወስድ ገብቶ ከወጣ ደቂቃ አይሞላም ነበር። ስባሪውን ስጠርግ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር እልሻለሁ።

ስለዚህ ወንድምሽ መስታወቱ ጥግ ላይ የታተመውን የቴምፐርድ ማህተም ሳያይ ብር እንዳይከፍል። ልኩም፣ የእጀታውና የቁልፉ ቀዳዳም፣ ሁሉም ከመጋሉ በፊት መታዘዝ አለበት፤ በኋላ መብሳት የሚባል ነገር የለም። ሌላው ደግሞ በያጁ ሥራውን ጨርሶ፣ ቀለም ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ነው መስታወት የሚገባው። የብየዳ ፍንጣሪ መስታወት ላይ ካረፈ ነቁጥ ሆኖ ይቀራል፤ በምንም አይለቅም። እኛ ጋ መቃኑ ላይ የረሷትን አንዲት ማጠፊያ በኋላ መጥተው በየዱ፣ የጎኑ መስታወት ላይ አሥራ ሰባት ነቁጥ ቆጠርኩ። እማዬ "ኩፍኝ የወጣበት በር" ትለው ነበር።

ሁለተኛው በር ደህና ወጣ፤ ሌላ ቤት ነው ያሠራሁት። በተገጠመ በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ እማዬ ከአሮጌ አንሶላ መጋረጃ ሰፍታ ከላይ እስከ ታች ሸፍናዋለች። ኮሪደሩ ተመልሶ ጨለመ። ተናደድኩ፤ ያወጣሁትን ብር ሁሉ ቆጠርኩባት። ዝም አለችኝ። ሳምንት ቆይቼ ነው ያየሁት፦ የመጋረጃው ቀኝ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። የታጠፈው አንድ መዳፍ አይሞላም፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከምናምን ላይ ነው። ወንበሯን ስቤ ተቀመጥኩና በዚያች ክፍተት አየሁ። የግቢው በር፣ ዘበኛው የሚቀመጥበት ድንጋይ፣ ቧንቧው፣ ጠጅ ሣሩ፣ ሁሉም ይታያል። ወጥቼ ከውጭ ሳየው ጨርቅ ብቻ ነው። እሷ ሁሉን ታያለች፣ እሷን የሚያያት የለም። ለካ ብርሃን አልጠላችም።

ላንቺ ቤት የማስበው ከዚያች መርፌ ቁልፍ የተነሣ ነው። የታችኛው 80 ሳንቲም ላሜራ ወይም እንጨት ይሁን፤ ጭቃ የሚረጨው፣ ሕፃን የሚጋጨው፣ እጁ ዕቃ የያዘ ሰው በእግሩ የሚገፋው እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ብርሃን እያሳለፈ መልክ የማያሳይ ደብዛዛ መስታወት። ደብዛዛው መሃል ላይ ግን የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚደርስበት ስንዝር የማይሞላ ጥርት ያለ መስመር ይቅር። በአሸዋ ሲያደበዝዙት መስመሩን በፕላስተር ይሸፍኑታል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ፎቶው ላይ እንዳለው ባያምርም ሰው ይኖርበታል።

ወንድምሽ ሪፍሌክቲቭ ይሁን እያለ ነው፤ ያ ሰማያዊው፣ ከውጭ መልክ ማያ መስታወት የሚመስለው። እንቢ በዪው። አንደኛ ቤትሽ ባንክ ይመስላል። ሁለተኛ፣ በቀን እውነት ነው፣ አንቺ ታያለሽ እንጂ አትታዪም። ማታ መብራት ስታበሪ ግን ይገለበጣል፤ መስታወቱ የሚደብቀው ጨለማ ያለበትን ወገን ነው። አንቺ የራስሽን ፊት ስታዪ ዘበኛው ሳሎንሽን ያያል። ድንቢጦቹም ከራሳቸው ጥላ ጋር ሲጣሉ ይውላሉ።

የቤትሽ ፊት ወደ ምዕራብ ነው አለኝ ወንድምሽ፤ ይኼ አሳሰበኝ። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ከፍ ብላ ነው የምታልፈው፣ ሰኔ ላይ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ አዘንብላ። በሩ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ቢሆን ሜትር ከምናምን የወጣ ክዳን አብዛኛውን ያጠላለት ነበር። የአሥር ሰዓት ፀሐይ ግን ከጎን ነው የምትገባው፤ የትኛውም ክዳን አይመክታትም። ሶፋሽ በዓመቱ ይገረጣል። ስለዚህ ግራና ቀኝ ያሰብሽውን መስታወት አንዱን ተዪው፤ በምትኩ ግንብ ሆኖ ፊቱ ዛፍ ይተከልበት። በምሥራቅ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር፤ የኅዳር ጠዋት ፀሐይ ኮሪደር ውስጥ ስትገባ ከጋቢ ትበልጣለች።

ስለ ሌባ ብዙ አልጽፍም፣ አንድ ነገር ብቻ። ቁልፉ አጠገብ ያለው መስታወት ላሚኔትድ ይሁን፣ እንደ መኪና የፊት መስታወት ሁለት ተጣብቆ መሃሉ ስስ ፕላስቲክ ያለው። ቢሰነጠቅም እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቴምፐርዱ ግን አንዴ ከተመታ ሙሉው ይረግፋል፣ እጅ ገብቶ ውስጥ የተተወውን ቁልፍ ያዞራል። ሌሊት ቁልፍ በሩ ላይ አያድርም። ወለሉም ይታሰብበት፤ በረንዳው ላይ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ እንዳያነጥፉ። ሐምሌ ላይ እንግዳሽ በሩን ሳያንኳኳ በጀርባው ነው የሚገባው። ሸካራ ድንጋይ ይሁን፣ ደፉም ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል።

ከበሩ በላይ ያለችውን መስታወት ግን አትተዪያት። ሐረር የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሻል? በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም የራምቦ ቤት የሚሉት፣ የህንድ ነጋዴ ያሠራው የእንጨት ቤት ውስጥ ባለቀለሞቹ መስታወቶች ሥር ቆመን አንቺ ጉንጭሽ ቀይ፣ እኔ ግንባሬ አረንጓዴ ሆኖ ስንስቅ አስጎብኚው ተቆጣን። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1953 ዓ.ም. ለተከፈተው አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ሠርተዋል። ላንቺ አንድ ክንድ ይበቃል። እዚያ ከፍታ ላይ የሚያይሽ የለም፣ የሚሰብረውም የለም፤ የማታዋ ፀሐይም ሥራ ታገኛለች።

የእማዬን መጋረጃ አጥቤ መልሼ ሰቅየዋለሁ። መርፌ ቁልፉ ዝጎ አንሶላው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ትቷል፤ እሱኑ መልሼ እዚያው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ወንበሩም አለ። አንዳንዴ ከሥራ ስመለስ ቡና ይዤ እቀመጥበታለሁ።

ለወንድምሽ የመቃኑን ስፋት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ሦስት ቦታ እንዲለካ ንገሪው፤ ግንብ ሁሌም ቀጥ አይልም፣ ትንሹን ልክ ነው የሚይዘው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አያት እሄዳለሁ፣ አብረን እንለካለን። እናንተ ጋ ሌሊት መሆኑን አውቃለሁ፤ ካልተኛሽ ግን ደውዪ። አነሳለሁ።

እህት የሆንኩሽ ጓደኛሽ