ተጫዋች ያስፈረመው ማን ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሰሜን ሸዋ የምንኖር ደጋፊዎች፣ ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው የአካባቢያችን እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ስላደረጋቸው ዝውውሮች መከራከር ከጀመርን ሰንብተናል። ብዙዎች ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር አሰልጣኙ ይሰናበት ይላሉ፤ እኔ ግን አሰልጣኝ የሚያሰልፈው የመጣለትን ተጫዋች በመሆኑ፣ ጥያቄው በቅድሚያ ላስፈረመው ኃላፊ መቅረብ አለበት ባይ ነኝ። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ይህ ድንበር የጠራ ነው፦ ተጫዋች የሚያመጣውና የሚሸኘው ዋና ሥራ አስኪያጁ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው የደመወዝ ጣሪያ (አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊከፍል የሚችለው የገንዘብ ገደብ) ሥር ቢበዛ 23 ተጫዋቾችን አብቃቅቶ ስለሚይዝ፣ አንድ የተሳሳተ ረጅም ውል ለዓመታት እጁን ያስረዋል።

የእኛ ክለብ ግን በየዓመቱ ከሩቅ ሰብስቦ በውድድር ዘመኑ ማብቂያ ይበትናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ተጫዋች (የእኛው የሸዋ ሮቢት ልጅ ቢሆን እንኳ) አየሩን እስኪላመድ ሳምንታት ያስፈልጉታል። በመንዝ ብርድና ዳገት ያደጉ ወጣቶች ግን ለሙከራ እንኳ ሳይጠሩ መቅረታቸው ከልብ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ማንን፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ምክንያት እንዳስፈረመ ከመጪው ውድድር በፊት ለደጋፊው በይፋ እንዲያስረዳ እጠይቃለሁ።

አንድ ደጋፊ፣ ከደብረ ብርሃን