የብረቱን በር ያሠራው ሰውዬ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ኦታዋ ከመምጣቴ በፊት አገር ቤት 19 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ስለ ወረቀትና እሳት የተጻፈ ነገር ካየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። የካናዳ ፓርላማ ቤተ መጻሕፍት ከእሳት ስለመትረፉ ያወጣችሁትን ወድጄዋለሁ። አንድ ሰው ግን ዘላችኋል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1916 ፓርላማው ሲነድ፣ ማይክል ማኮርማክ የተባለ የቤተ መጻሕፍቱ ጸሐፊ የብረቱ በር እንዲዘጋ አዘዘ። በዚያ ሌሊት ሰባት ሰው ሞተ። መጻሕፍቱ ተረፉ። ልጄን ይዤ ልጎበኝ የሄድኩ ዕለት አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ በሩን እያየሁ ቀረሁ። ማን አሠራው?

አልፊየስ ቶድ ነው። የፓርላማው የቤተ መጻሕፍት ሰው። በ1849 ፓርላማው ሞንትሪያል ሳለ፣ የተቆጣ ሕዝብ ሕንፃውን አቃጠለውና ከ20,000 በላይ መጻሕፍት አመድ ሆኑ። እንደገና ለቃቅመው ሰበሰቡ። በ1854 ኩቤክ ከተማ ላይ ሌላ እሳት መጣና ግማሽ ያህሉን በላ። ሁለቴ የተቃጠለ ሰው ምን ይላል? ቤተ መጻሕፍቱ ከዋናው ሕንፃ ተነጥሎ ይቁም፣ በመተላለፊያ ብቻ ይገናኝ፣ በሩም ብረት ይሁን አለ። ቤቱ በ1876 ተከፈተ። ቶድ በ1884 ሞተ። በሩ ለቁም ነገር የዋለው ከዚያ 32 ዓመት ቆይቶ ነው።

በእርግጥ የቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የጥድ እንጨት ነው፤ አበባው፣ የሰው ፊቱ፣ የተረት አውሬው ሁሉ ተፈልፍሎበታል። እሳትን ያን ያህል የፈራ ሰው ይህን እንዴት እንደቻለው እንጃ። በ1952 እሳቱ በጉልላቱ በኩል ሲመጣ በሩ ምንም አልፈየደም። ጭሱና ውኃው መጻሕፍቱንና እንጨቱን ጉድ ሠራቸው። እንጨቱን ነቅለው ሞንትሪያል ወስደው፣ አክመው መለሱት።

እኛ መዝገብ ቤት በሩ እንጨት ነበር። የእሳት ማጥፊያዋም እንዳትሰረቅ ኃላፊው ቢሮ ተቆልፎባት ነበር። ቁልፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ፓርላማው ከ2019 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል፤ ቤተ መጻሕፍቱም አብሮ። የጣሪያው ምስል ግን የዘር መድልዎን የተቃወመችው የጥቁር ካናዳዊቷ የቫዮላ ዴዝመንድ ፎቶ ባለበት የካናዳ 10 ዶላር ላይ አለ። ባለፈው ቡና ስገዛ አገላብጬ አየሁት። በሩ ግን የለበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ኦታዋ