ቀብድ ተቀብሎ በቃል መስማማት ለማን በጀ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ድግስ አዘጋጆች ምግብ ያሳንሳሉ፣ ሰዓት አያከብሩም የሚሉ ቅሬታዎች ሰሞኑን በዚህ አምድ ሲወጡ አንብቤያለሁ። ቅሬታው ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም፤ የሙያ አጋሮቼን ጥፋት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ይሁን እንጂ በቱሉ ዲምቱ ከሁለት ወጥ ሠሪዎችና ከአራት አስተናጋጆች ጋር ለስድስት ዓመታት ስሠራ እንደታዘብኩት፣ «አስቸጋሪ ደንበኛ» ብለን የምናማርረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቸጋሪ የሚሆነው እኛው ትእዛዙን በስልክ ተቀብለን፣ «እሺ፣ ችግር የለም» ብለን ስለምንዘጋው ነው።

የራሴን ላቅርብ። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ በሚደራረብበት ሰሞን ለ150 ሰው የመልስ ድግስ እንዳዘጋጅ በስልክ ታዘዝኩ፤ ቀብዱም ገባልኝ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ስለሚወጣው 15 ዶሮ አሠራሁ፤ 180 ብልት ማለት ነውና ለመጠባበቂያ እንኳ ይተርፋል ብዬ ነበር። በዕለቱ ግን በኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል በር የገባው እንግዳ ከ200 አለፈ። የሙሽራዋ እናት ጭልፋውን ከወጥ ሠሪዋ እጅ ተቀብለው፣ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው ብልቱን እያገላበጡ ይቆጥሩ ጀመር። «ፈረሰኛው የታለ? ማን በላው?» አሉ፣ አስተናጋጆቹ እየሰሙ። «እትዬ፣ የተነገረኝ እኮ ለ150 ሰው ነው» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ እንግዳ ቆጥሬ አልጠራም» ሲሉ መለሱልኝ።

በወቅቱ ብናደድም፣ ቆይቼ ሳስበው እውነታቸውን ነበር። የጥሪ ካርዳችን «ከነቤተሰብዎ» ይላል እንጂ ቤተሰቡ ስንት ሰው እንደሆነ አይናገርም፤ የመጣን እንግዳ ከበር መመለስም በእኛ አገር ነውር ነው። ስለዚህ እሳቸው 150 ያሉት የካርዱን ቁጥር ነው፣ እኔ 150 ብዬ የያዝኩት የሳህኑን። ማታ ቀሪ ሒሳቤን ከለከሉኝና ነገሩ ወደ ዕድራቸው ዳኛ ሄደ። ዳኛው በመጀመሪያ የጠየቁን ጥያቄ «ወረቀት አላችሁ?» የሚል ነበር። አልነበረንም፤ ከቀሪው ግማሹን ተቀብዬ ተለያየን።

ከዚያ በኋላ ነው የጠበቃ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ጎረቤቴ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ ያሳየኝ። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ይለቃል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ድግሱን ሰርዞ ቀብዱን በሙሉ ካልመለስሽ ብሎ የሚጮህ ደንበኛ የፊተኛውን እንደማያውቅ ሁሉ፣ ጥር ላይ የተሻለ ሠርግ ሲመጣለት «ወጥ ሠሪዬ ታማለች» ብሎ የሚያመልጥ ባልደረባዬም የኋለኛውን አያውቅም፤ ወይም አላውቅም ይላል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ድግስ ይዤ፣ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለውን በራሴ ላይ አድርሻለሁ።

ነገር ግን ቀብድ ውል መኖሩን ቢያስረዳም ስንት ሳህን እንደታዘዘ አያስረዳም። በመሆኑም አሁን ከቀብዱ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት አስፈርማለሁ። የእንግዳው ቁጥር በካርድ ሳይሆን በሰው ይጻፋል፤ ከአምስት ቀን በፊት ድረስ መጨመርም መቀነስም ይቻላል፤ በዕለቱ የሚጨመር ሰው ዋጋ ከጎኑ ይሰፍራል። ዋጋው የሚጸናው ለ30 ቀን ብቻ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዘይት ዋጋ ላይ የሦስት ወር ቃል መግባት ለእኔ ቁማር ሆኖብኛል።

ከሁሉም በላይ ያከራከረኝ የጾምና የፍስክ ነገር ነው። አንድ ደንበኛ የልጃቸውን ምርቃት ከኅዳር 12 ወደ ኅዳር 19 አዛወሩት። አንድ ሳምንት ምን አላት ይባል ይሆናል፤ ግን በመካከሉ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ለሥጋው ቀብድ ከፍዬ ነበር። እሳቸው ደግሞ የሚጾመውም የማይጾመውም እንግዳ ስላለኝ ሁለቱም ይቅረብ፣ ዋጋው ግን ያው ይሁን አሉ። ሁለት ዓይነት ማለት ሁለት ቁሌት፣ የተለያየ ድስትና ጭልፋ፣ ቅቤ ያልነካው የተለየ የቡፌ ማሞቂያ፣ በተጨማሪም «ይኼ የጾም ነው፣ ያኛው የፍስክ» እያለች የምትቆም አንዲት አስተናጋጅ ማለት መሆኑን ወጥ ቤት ገብቶ ላላየ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። አሁን በወረቀቱ ላይ «የጾም»፣ «የፍስክ» እና «ሁለቱም» የሚሉ ሦስት ሣጥኖች አሉ፤ ቀኑ ሲቀየር ዋጋውም እንደገና ይታያል።

የተረፈው ምግብ የድግሱ ባለቤት ነው፤ በዚህ ላይ የሚከራከር አዘጋጅ ካለ ያፍርበት። እኔ የማልስማማው ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ የዋለ ክትፎ በፌስታል ቋጥሬ እንድሰጥ ስጠየቅ ብቻ ነው።

ወረቀት አውጥቼ እስክሪብቶ ስዘረጋ የሚቀየም ደንበኛ አለ፤ «አታምኚኝም?» ይላል። አንዳንዱም በዚያው ይቀራል። ዶሮውን የቆጠሩብኝ እናት ግን በቀደም ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ሊያዙ መጥተው ነበር። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡና፣ 80 ብዬ የጻፍኩትን በራሳቸው እጅ ሰርዘው 120 አደረጉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የድግስ አዘጋጅ
ከቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ ቃሊቲ