የአቪዬሽን ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ሳይነሱ በፊት ሰማይን መቁጠር

ዘንድሮ የክበባችን አባላት አንድ ጥያቄ ይዘው ዓመቱን ሙሉ እንዲቆዩ ፈልጌ ነበር። አብራሪው በጂፒኤስ እየተመራ ሊያርፍ ካሰበ፣ እዚያ በሚደርስበት ሰዓት ሰማዩ ላይ በቂ ሳተላይት መኖሩን ከመነሳቱ በፊት በምን ያውቃል? ጥቅምት ላይ 23 ሆነን ጀመርን፤ ሰኔ ላይ 14 ቀርተናል። እነዚህ 14 ልጆች ዛሬ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ወጥተው ያስረዳሉ።

የጀመርነው በሲባጎ ነው። ሦስት ተማሪዎች በሜዳው ዙሪያ ተራርቀው ቆሙ፤ እያንዳንዳቸው እስከ ባንዲራ መስቀያው የሚደርስ ሲባጎ ያዙ። ተማሪዎቹ ሳተላይቶች፣ መስቀያው አውሮፕላኑ፣ ሲባጎው ደግሞ በመካከላቸው ያለው ርቀት መሆኑ ነው። አንዱን ሲባጎ ማንም ሳያየኝ አንድ ሜትር አሳጥሬው ነበር። ጫፎቹ አልገናኝ አሉ። "ማነው የዋሸው?" ስል ሦስቱም እርስ በርስ ተጠቋቆሙ። አራተኛ ተማሪ ጨምረን አንድ አንዱን እያስወጣን ስንሞክር፣ አንደኛዋ ስትወጣ ብቻ የቀሩት ሦስቱ ገጠሙ፤ አጭሩ ሲባጎ ተገኘ። ሜዳችን ጠፍጣፋ ስለሆነ በ3 ጠርጥረን በ4 ለየን። በአየር ላይ ከፍታና የሰዓት ስህተት ስለሚጨመሩ የአውሮፕላኑ መሣሪያ ቦታውን ለማወቅ 4፣ ስህተት መኖሩን ለመጠርጠር 5፣ ስህተተኛውን ለይቶ ለመተው 6 ሳተላይት ይፈልጋል። ይህን ራስን የመፈተሽ ዘዴ አብራሪዎች ሬይም ይሉታል።

ከዚያ ሦስቱን በምሥራቅ በኩል አጠጋግቼ፣ አጭሩን ሲባጎ የያዘችውን ብቻዋን በሰሜን አቆምኳት። አሁን ጫፎቹ ያለ ምንም ችግር ገጠሙ፤ ግን ከመስቀያው አንድ ሜትር ርቀው ነበር። ሜዳው ጸጥ አለ። የዓመቱ ምርጥ ትምህርቴ ያ ዝምታ ይመስለኛል። ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ሳተላይቶቹ ሰማዩ ላይ ተበትነው ካልተገኙ ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል። ለማረፍ በሚደረግ አቀራረብ መሣሪያው ሊያስጠነቅቅበት የሚገባው የቦታ ስህተት ወሰን 0.3 የባሕር ማይል፣ ማለትም 556 ሜትር ገደማ ነው። በአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን መመሪያ ደግሞ ሬይም በጉዞው ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ እንደሚጠፋ ከተተነበየ በረራው ይዘገያል፣ ይሰረዛል ወይም መንገዱ ይቀየራል።

ትንበያው የሚቻለው ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በታወቀ መንገድ ስለሚዞሩ ነው። የምሕዋር መረጃቸውን፣ አልማናክ የሚባለውን፣ ከኢንተርኔት አውርደን በኮምፒውተር ክፍል አሰላነው፤ ከአድማስ ከ5 ዲግሪ በታች ያሉትን አልቆጠርንም። የመጀመሪያው ችግራችን ሰዓት ነበር። ስሌቱ የሚወጣው በዓለም አቀፉ ዙሉ ሰዓት ነው፤ 3 ሲደመር የፈረንጅ ሰዓታችን፣ 3 ሲቀነስ ደግሞ የሐበሻው ይመጣል። አንድ ቡድን ደምሮ የሐበሻ ነው ብሎ ስለጻፈ ሳምንት ሙሉ የማይመጡ ሳተላይቶች ጠበቀ። ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ግን ሰኞ 4፡30 ላይ ከፍ ብላ የታየችው ሳተላይት ማክሰኞ 4፡26፣ ረቡዕ 4፡22 ላይ እዚያው ተገኘች። ምድርን በ11 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገደማ ስለምትዞር ነው በየቀኑ 4 ደቂቃ የምትቀድመው።

ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት ስለሚከለከል የምንቆጥረው በመምህራን ስልክ ነበር፤ ስልካቸውን ላዋሱን ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። ስልኩ የሌሎች አገሮችንም ሳተላይቶች ስለሚያሳይ የአሜሪካ ባንዲራ ያለባቸውን ብቻ እንመዘግባለን።

ነጥቦቹን ባለ ስኩዌር ደብተር ላይ ስናሰፍር በሰሜን በኩል ባዶ ቦታ ወጣ። "ቲቸር፣ እንጦጦ ጋርዶብን ነው" አለኝ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ። እኔም አምኜው ነበር። ነገር ግን ስሌቱ እንጦጦን አያውቀውም፤ እዚያም ባዶው አለ። የጂፒኤስ ምሕዋሮች ከምድር ወገብ 55 ዲግሪ ያዘነበሉ ስለሆኑ ሳተላይቶቹ ከ55 ዲግሪ ኬክሮስ ወደ ሰሜን አያልፉም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ልክ ወደ ሰሜን ስናይ ከአድማስ እስከ 30 ዲግሪ ገደማ አንድም አይኖርም። ልጁ ይህን ካሰላ በኋላ ደብተሩን ለሁሉም እየዞረ አሳየ።

ግንቦት ላይ አንድ አውሮፕላን ረፋድ 5፡30 ቦሌ ይደርሳል ብለን፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን 15 ደቂቃዎች ተነበይን። ሰዓቱ ሲደርስ ሜዳ ወጣን። ስሌታችን 10 ይላል፤ ስልኩ 9። ሁለቴ ቆጠርን፣ ስልክም ቀየርን፤ አሁንም 9። የጠፋችው ሳተላይት ለጥገና ከአገልግሎት ወጥታ ነበር ለካ፤ የሥርዓቱ ባለቤቶችም ለተጠቃሚዎች በሚያወጡት ማስታወቂያ አስቀድመው ተናግረዋል። አልማናኩን አውርደን ማስታወቂያውን አላነበብንም ነበር። በማግስቱ አንዲት የ11ኛ ክፍል አባል በደብተሩ ላይ ከቀኑና ከሰዓቱ በፊት የሚሞላ አዲስ ዓምድ አሰመረች፤ "ማስታወቂያ ታይቷል?" ይላል። ደብተሩ አሁን ፊዚክስ ላብራቶሪ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ መስከረም ላይ የሚመጡት አባላት ከዚያ ገጽ ይቀጥላሉ።