ስለ ማታው የታንኳ ጉዞ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በሐይቅ ሐይቅ ላይ ስለምናደርገው የታንኳ ጉዞ ባለፈው ሰሞን በቴሌግራም የላክናት አጭር መልእክት ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመች አውቃለሁ። «ከኅዳር ጀምሮ የማታ ጉዞ ቀርቷል። መነሻ 10 ሰዓት፣ ዋጋ 800 ብር» ትላለች፣ ሌላ ነገር የላትም። እንዲያ ተቆርጣ መጻፏ የእኔ ጥፋት ነው። መልእክቷ ሳትደርሳቸው ከኮምቦልቻ ድረስ መጥተው፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከዳርቻው የተመለሱትን ዘጠኝ እንግዶች ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀብዳቸውንም የመኪና ወጪያቸውንም መልሰናል።

ስለ ውሳኔው ግን ይቅርታ መጠየቅ አልቻልኩም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ረዘም ቢልም ታገሡኝ።

«ገንዘብ ሲያዩ ተለወጡ» ያላችሁኝ አላችሁ። «ጨረቃዋን አስለምዳችሁን አሁን በቀን ልትቀዝፉን ነው ወይ» ያለችኝ እህትም አለች፤ እሷ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የምትመጣ ናት፣ ስለዚህ ንግግሯ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ዘልቆ ተሰማኝ። ያን ቀን ማታ ስልኬን አስቀምጬ ምንም ሳልመልስ አደርኩ። ዝም ያልኩት ንቄ አልነበረም፣ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

እኔ ሐይቅ ከተማ ነው ያደግሁት። አጎቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ መቅዘፍም የተማርኩት በእሱ ታንኳ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ የዳርቻው ሰው ኑሮ እንዴት እንደተለወጠ ሲያወራ ነው ያደግሁት። ይህን ሥራ በ2009 ዓ.ም. በሁለት ታንኳ ስጀምር ቤተሰቤ እንኳ «ደሴ ላይ ማን ገንዘብ ከፍሎ ይቀዝፋል?» ብሎኝ ነበር። ቀዛፊ ሆናችሁ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ከጦሳ ተራራ ሥር ጉም ለብሳ ከምትውል ከተማ ወጥታችሁ፣ ዋና የማትችሉ፣ መቅዘፊያ በእጃችሁ ነክታችሁ የማታውቁ፣ ላይፍ ጃኬቱን ገልብጣችሁ የለበሳችሁ። እኔ የምወደው ሥራ ይኸው ነው፤ ሠልጥኖ የመጣ ሰው ይዤ መሄድ አይደለም፣ የፈራ ሰው ትከሻው ቀስ በቀስ ሲላላ ማየት ነው።

በ2012 ኮሮና ዘጋን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁሉን ጥለን ወጣን። ስንመለስ ከስድስት ታንኳ ሁለት አገኘን፣ የአንደኛው ሆድ ተቀዷል። ያኔ ታንኳ ሳይኖረን «ሲኖራችሁ እንመጣለን» ብላችሁ ቀብድ የላካችሁልኝን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃችኋለሁ። ዝርዝራችሁ የተጻፈበት ደብተር አሁንም ቤቴ አለ። እንግዲህ እናንተን ነው በገንዘብ ለወጣችሁ የምንባለው። እንዴት አድርጌ?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ጥቅምት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ማታ ሰባት እንግዶች ይዘን ወጣን። ሰማዩ ዳምኗል፣ ጨረቃም ገና አልወጣችም። እኔ ከፊት ነኝ፣ ረዳቴ ከኋላ። ሁሉም ደረታቸው ላይ ትንሽ ባትሪ አስረዋል፣ ፊሽካም አላቸው። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ለመመለስ ስንዞር፣ አንዲት እንግዳችን መቅዘፊያዋ የሆነ ነገር ያዘባት። መረብ ነበር። የሐይቁ አጥማጆች መረባቸውን አመሻሽ ላይ ይጥላሉ፣ ንጋት ላይ ያነሳሉ፤ በቀን ተንሳፋፊውን አይታችሁ ትዞራላችሁ፣ በጨለማ ግን እኔ ራሴ አላየሁትም። ጀማሪ ሰው መቅዘፊያው ሲያዝበት መልቀቅ አይመጣለትም፣ ይስባል። ሳበች፣ ታንኳዋም ወደሳበችበት ተጋደለና ተገለበጠ።

ድምፅ ሰማን እንጂ ሰው አላየንም። ሐይቁ በኮረብታ የተከበበ ነው፣ ማታ ዝም ሲል ድምፅ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ከፊት የጮኸ ከኋላ የጮኸ ይመስላል። ባትሪዋ ከደረቷ ወልቋል። ቆጠርኩ፣ ስድስት። እንደገና ቆጠርኩ፣ ስድስት። ረዳቴ «ሁላችሁም ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ፣ ከዚያ ፊሽካዋን ሰማን። ስንደርስ መሬት ላይ እንዳስተማርናት ታንኳዋን አቅፋ፣ ጃኬቷ አንገቷን ከውሃ በላይ ይዞት አገኘናት። ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። ውሃ ግን ጠጥታለች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ከታንኳው ጠርዝ አልላቀቅ ብሎን ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያነሳሁት።

እሷ ዳርቻ ደርሳ ሻይ ስትጠጣ እየሳቀች ነበር፣ ለሌላ ጊዜም ተመዝግባለች፤ ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሐይቁ ከዳር ትንሽ ራቅ ካላችሁ ወዲያው የሚጠልቅ ውሃ ነው፣ ጥልቅ በሆነበት 88 ሜትር ያህል ይወርዳል። ስምንት ዓመት ያለ አንድ አደጋ ሠርቻለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ያን ሌሊት ያሰብኩት አጎቴ የሚለውን ነበር፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የመረቡ ባለቤት መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ አጎቴንም ያውቁታል። አልተቆጡም፤ የተቀደደውን መረብ እግሬ ሥር ዘርግተው «ልጄ፣ ይኼ የልጆቼ እራት ነው» አሉኝ። ከፈልኳቸው። ግን ካሳ ከፍሎ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። እኛ በሳምንት ሁለት ቀን ለመዝናናት የምንወጣበት ውሃ ለእሳቸው የየዕለት እርሻ ነው፣ ሌሊቱ ደግሞ የእነሱ ነው። የገዳሙም ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ አባቶች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጀምሮ እዚያ ይጸልያሉ፤ ወደ ገዳሙ ባንጠጋም የማታ ሳቃችንና ዘፈናችን በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይደርሳቸው ነበር። ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

«ታዲያ ባትሪውን አጠንክራችሁ ቀጥሉ» ያላችሁኝ አላችሁ። አሰብኩበት። እኔ ጀማሪን የምጠብቀው በባትሪ አይደለም፣ እጁን በማየት ነው። መቅዘፊያ የያዘ ሰው ሲደክም መጀመሪያ የሚናገረው እጁ ነው፤ ጨብጦ ይይዛል፣ መዳፉ ይነጣል፣ ከወገቡ መቅዘፉን ትቶ በክንዱ ብቻ ይጎትታል። ከዚያ አሥር ደቂቃ በኋላ ታንኳው ቀጥ ብሎ አልሄድ ይለዋል፣ ይደነግጣል። በብርሃን ይህን ከሃምሳ ሜትር አያለሁ፣ ጠጋ ብዬ «ትንሽ እንረፍ» እላለሁ፣ ሰውየው መድከሙን ሳያውቅ ያርፋል። በጨለማ የማየው ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቡ ደክሞት እንደሆነ ፈርቶ እንደሆነ አይነግረኝም።

የእኛ አገር ጀንበር ደግሞ ስትወርድ ቀጥ ብላ ስለሆነ ጊዜ አትሰጥም። በዚህ ወር 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ብርሃን ይቆያል፣ አበቃ። በሰኔ ወደ 12 ሰዓት ከ45 ትሄዳለች፣ ያኔ መነሻውንም እንገፋዋለን። ሰዓቱ ከጀንበሯ ጋር ነው የሚሄደው እንጂ 10 ሰዓት ላይ ተቸንክሮ አይቀርም፤ መልእክቷ ይህንንም አላለችም።

አንድ ነገር እውነታችሁን ነው። 10 ሰዓት ላይ ውሃው እንደ ማታው የተኛ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ፣ የሚረጋው ወደ ምሽት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰዓት ከነፋስ በተከለለው ዳርቻ፣ በፊላው ጥግ ጥግ እንቀዝፋለን፤ መሃሉን የምናየው ውሃው ሲረጋ፣ የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ነው። ነፋሱ ካልረጋ መሃል አንገባም። በዚህም የሚያኮርፍ ይኖራል።

ሌላው እውነት ከዚህ ይከብዳል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፈረቃ ወጥታችሁ፣ ከቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ወጥታችሁ በሥራ ቀን ትመጡ የነበራችሁ፣ እናንተን አጥቻለሁ። ቅዳሜና እሑድ ኑ ማለት ቀላል ነው፤ ቅዳሜ የሚሠራ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ከእናንተ አንዱ «ሐሙስ ማታ ውሃ ላይ ስሆን ነው ሳምንቱ የሚያልቅልኝ» ይለኝ ነበር። ለእሱ የምሰጠው መልስ የለኝም፣ ይህ አሁንም ያመኛል።

መንገዱንም ታውቁታላችሁ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው፣ ከዚያ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አለ። ድሮ ሦስት ሰዓት ማታ ላይ ሚኒባስ አስቁመን እንገባ ነበር። አሁን ሹፌሮቻችን ከመሸ መንቀሳቀስ አይፈልጉም፣ እኔም አላስገድዳቸውም፤ እነሱም ቤት የሚጠብቃቸው አለ።

ስለ ዋጋው። ከ500 ወደ 800 መዝለሉ እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ቀድሞ አንድ መሪ ሰባት ታንኳ ይይዝ ነበር፣ አሁን አራት ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ለስምንት ሰው ሁለት መሪ አለ፣ ከእነሱ ሌላ ደግሞ ዳር ላይ ባለ ሞተር ጀልባ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቤንዚኑም ሰውየውም ይከፈልባቸዋል። አሥር ላይፍ ጃኬት አዲስ አስመጥተናል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደጨመረ ሱቅ ያላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የድሮዎቹ ጃኬቶች መልካቸው ደህና ነው፣ ግን ውስጣቸው ያለው ስፖንጅ ደርቆ ማንሳፈፍ ቀንሷል። አንዱን ቀድጄ ለሠራተኞቹ አሳየኋቸው፤ በእጃችን ስንጨብጠው እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ። ከዚያ በኋላ እነዚያን ለማንም ማልበስ አልቻልኩም። በዋጋው ትርፍ አላገኘሁም አልልም፤ እንዳልዘጋ የምታህል አለች።

በዚህ መሃል ደስ ያሰኘኝም አለ። አንዳንድ የሙስሊም ደንበኞቻችን ደውለው «አሁን የጀንበር መጥለቂያውን ሶላት፣ መግሪብን፣ በሰዓቱ መሬት ላይ እንሰግዳለን» አሉኝ። ስምንት ዓመት ውሃ ላይ እያሉ አዛኑ ሲያልፋቸው አንድም ቀን አልነገሩኝም፣ ይሉኝታ ይዟቸው። እኔም አልጠየቅኋቸውም። እንግዲህ ለሠራተኞቻችን የሰጠሁት አዲስ ደንብ ይኸው ነው፤ ከከተማው የመግሪብ አዛን ሲሰማ አንድም የእኛ ታንኳ ውሃ ላይ መገኘት የለበትም። ሰዓት ሊሳሳት ይችላል፣ ስልክም ይዘጋል፤ አዛኑን ግን ሁላችንም እንሰማዋለን።

ጨረቃዋንም ጨርሼ አልነሳኋችሁም። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቅዳሜ፣ ከታንኳ ከወረድን በኋላ ዳርቻው ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ቡና እናፈላለን። ሙሉ ጨረቃ ጀንበር ስትገባ ነው የምትነሣው፣ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ እስክትል አንድ ቡና ትበቃለች። ሁለተኛውን ሳንደግም ግን ወደ መኪና እንገባለን፣ በመንገዱ ምክንያት። ውሃ ላይ እንደመሆን አይሆንም፣ አውቃለሁ።

ለማታው ጉዞ ቀድማችሁ የከፈላችሁ ገንዘባችሁን በቴሌብር መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ለምን ብለን አንጠይቅም። በአዲሱ ሰዓት መምጣት ከመረጣችሁ ደግሞ በድሮው በ500 ብር እንወስዳችኋለን፣ ጭማሪውን እኛ እንችላለን። ይህ እስከ ጥር መጨረሻ ይቆያል። ተናዳችሁ የጻፋችሁብኝም ተመሳሳይ ነው፣ ስማችሁ ከደብተሩ አልወጣም።

ቅዳሜ 9 ሰዓት ተኩል ዳርቻው ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መሬት ላይ ልምምድ ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ አትዘግዩብኝ፤ ዘግይታችሁ ስትመጡ እናንተን መመለስ እንዴት እንደሚከብደኝ ባለፈው አይታችኋል። ሹራብ ያዙ፣ የኅዳር ብርድ ጀንበር ሳትገባ ይጀምራል።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት